ከቀረጥ ነፃ

ኢማትራ። ጥር ነው። በዘጠኝ ተኩል ቀኑ ተጠቅልሏል፤
ወንዙ ከግድቡ ሥር፣ ጥርሱን እያፋጨ፣ በረዶ ያኝካል።
ካፌው ጥግ ኦይቫ፣ ጡረተኛው ፈታሽ፣ መነጽሩን ወልውሎ
ጊዜው ባለፈበት የጉምሩክ ቅጽ ጀርባ ይጽፋል፣ በክንዱ ከልሎ።

«ዛሬ ማታ» ይላል፣ «ሁለቱ ዕጩዎች ስለ ውጭ ጉዳይ ሲሟገቱ
የሚሉትን ሁሉ፣ ከነማሳላቸው፣ ጽፌዋለሁ፤ ተወራረዱ፣ በርቱ!»
የተረታ ሰው የሄል ዳቦ ይገዛል።
ሚርያ «እሺ» አለች፤ አውቶቡስ ትነዳ ነበር፣ ወዲያ ማዶ።
መንገዷ ከተዘጋ ቆይቷል፤
እጇ ግን ጠረጴዛው ላይ አሁንም መሪ ያዞራል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ኬላው ላይ ቆሞ
የሰው ሻንጣ ከፍቷል፣ የሰው ፊት ከፍቷል።
«የሚደብቅ ሰው» ይላል፣ «ሳትጠይቀው ስለ አየሩ ያወራል።
ብዙ የሚያስመዘግብ፣ ከመቀመጫው ሥር ሌላ ነገር አለው፤
‹ምንም የለኝ› ብሎ የሚስቅልህ ደግሞ
ዓይንህን ከትርፍ ጎማው ሊያነሳ ነው።

እንግዲህ ስሙኝ። ሆልማላ ይቀድማል።
ነጥቡን በጣቱ ይቆጥራል፣ ሦስተኛው ላይ ይረሳል።
አያቱ የቆሰሉበትን ጫካ ያነሳል፤
‹ልምድ የለዎትም› ይላታል፣ ሬሳ እንደሚያጽናና ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
ቬሳላ ፈገግ ትላለች፤ ብሩክሰል ስንት ሌሊት እንዳደረች ትዘረዝራለች፤
‹ወዳጆቻችን› የሚለውን ቃል አሥራ ሁለቴ ትላለች። ቁጠሩ።»

ሳህን እያነሳሁ ሳቅሁ። «በእኔ አገር» አልኩት፣ «በጥንት
‹በላ ልበልሃ› ነበር፤ ሰው በአደባባይ ቆሞ ሲሟገት፣
ኩታውን አጣፍቶ፣ በበትሩ መሬት እየጠቆመ፣
በማር በበቅሎ እየተወራረደ፣ ቃል ከቃል እያገጣጠመ።»
«ማን ይረታ ነበር?»
«እንደሚባለው፣ እውነት የያዘው። እንደማስበው፣ ድምፁ ያማረው።»
ይህንንም ቅጹ ላይ አሰፈረው።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት። ቴሌቪዥኑ በራ።
ጣት ተቆጠረ፤ ሦስተኛው ተረሳ።
ጫካው መጣ፤ አያትየው እንደገና ቆሰሉ፤
ካፌው በሳቅ ፈረሰ።
‹ወዳጆቻችን› አሥራ ሦስት ጊዜ ተባለ፤ ሚርያ በአንዷ ተከራከረች፤
«አንዷማ የጠያቂዋ ናት» ተብላ ተረታች።
ቃሉ፣ ጭነቱን በሸራ ሸፍኖ እንደሚመጣ ከባድ መኪና፣
ተሰልፎ አለፈ፣ አለፈ፤
ለቃል ቀረጥ የለው፣ ማኅተም የለው፣
ሸራውን የገለጠ ማን አለ?

ከዚያ ጠያቂዋ ወረቀት አነሳች፤ ከዚሁ ከእኛ ከተማ የተላከ፦
«በሩ ይዘጋ ተባለ፤ ዘጋን። ለምን እንደሆነ እናውቃለን፤ አልተሟገትንም።
ሆቴሉ ጨለመ፤ ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል አጠፈ።
የበሩን እጀታ የያዘው እጅ ሲበርደው፣
ጓንት የሚገዛለት ከሁለታችሁ ማን ነው?»

ኦይቫ ተነሳ። ሳይታወቀው ወገቡን አቀና፣
ያንን የድሮ ድምፁን አወጣ፦
«የሚመዘገብ ዕቃ አለ?»
ለቴሌቪዥኑ።
ሆልማላ ብርጭቆውን አነሳ።
ቬሳላ ብርጭቆዋን አነሳች።
እኩል ጠጡ።

ቅጹን ገለበጥነው። ከግርጌው፣ በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፦
«እዚህ ላይ ውሃ ይጠጣሉ።»

ማንም አልሳቀም። ሚርያ ዳቦውን ገዛች፤
እሱ አልቀመሰውም፤ በናፕኪን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።
«ይቺን እንኳ ብረታ ደስ ይለኝ ነበር» አለ፣ ኮቱን እየቆለፈ፤
«ይቺን አንዷን።»
በሩን ከፈተና ቆመ፤ «የውጭ ጉዳይማ» አለን፣ «ይኸውላችሁ።»
ብርዱ ገባ፣
ማንም ሳይጠይቀው፣ ከቀረጥ ነፃ፣
እስከ መጨረሻው ጠረጴዛ።